ቁጥሩን ማን ቆጠረው? ለኢኮኖሚክስ ጥናት የሚታመን የኢንተርኔት ምንጭ አፈላለግ

ሁለት ተማሪዎች ስለ ኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ሊጽፉ ተነሡ እንበል። አንደኛዋ «በ2015 ኢኮኖሚው በ7.2 በመቶ አደገ» ብላ ጻፈች። ሌላው «በ2015 ዕድገቱ 10.4 በመቶ ነበር» አለ። ሁለቱም ቁጥሩን የወሰዱት ከታወቀ ተቋም ነው፤ ሁለቱም ቁጥሮች በሰነድ ላይ አሉ። የልጅቷ 2015 በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 1 ቀን 2014 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2015 የዘለቀው በጀት ዓመት ነው። የልጁ 2015 ግን ከዓለም ባንክ ሠንጠረዥ ላይ የተነሣ የፈረንጆች ዓመት ነው፤ በእኛ የ2007 በጀት ዓመት ማለት ነው። በመካከላቸው ስምንት ዓመት አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «መንግሥት አጋነነ»፣ «የለም፣ ባንኩ አሳነሰ» እያለ የሚከራከር ሰው ግን አይጠፋም።

እንዲህ ያለው ክርክር ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ትልልቅ የሀገር ጉዳዮች የሚመዘኑት በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ተማሪዎችና ወጣት ጋዜጠኞች አዘውትረው የሚጠይቁኝ «የትኛው ድረ ገጽ ይታመናል?» ብለው ነው። ጥያቄው መጥፎ ባይሆንም ሩቅ አያደርስም። የበለጠ የሚጠቅመው «ይህን ቁጥር ማን ቆጠረው? መቼ? በምን ዘዴ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በአገራችን ሰው ለጋብቻ ሲፈላለግ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጠራል፤ ቁጥርም እንዲሁ አባቱ፣ አያቱ፣ ቅድመ አያቱ ሊቆጠርለት ይገባል። ዘሩ የማይቆጠርለት ቁጥር ምንም ያህል ባማረ ገጽ ላይ ቢወጣ ለጥናት አይበቃም።

የኢትዮጵያን ነገር እንያዝ። የሸማቾች ዋጋ፣ የቤተሰብ ገቢና ወጪ፣ የሥራ ስምሪት፣ የሰብል ምርትና የሕዝብ ቁጥር የሚለካው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው፤ እስከ 2014 ዓ.ም. ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው። የገንዘብ አቅርቦትን፣ የባንኮችን ብድር፣ የውጭ ምንዛሪንና ከውጭው ዓለም ጋር ያለውን የክፍያ ሚዛን የሚመዘግበው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ዓመታዊ ሪፖርትም የሩብ ዓመት መጽሔትም ያወጣል። በጀቱና የመንግሥት ዕዳ የገንዘብ ሚኒስቴር ጉዳይ ነው። የጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት ስሌት ደግሞ የሚሠራው በፕላንና ልማት ሚኒስቴር ነው። የገቢና ወጪ ንግድ መዝገብ የሚጀምረው ከጉምሩክ ነው። የምትፈልጉት ነገር ከእነዚህ የየትኛው ሥራ እንደሆነ ካወቃችሁ የፍለጋው ግማሽ አልቋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። አንድን ቁጥር በዓለም ባንክ፣ በዓለም የገንዘብ ድርጅትና በግል የመረጃ ድረ ገጾች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ስታገኙት «ሦስት ምንጮች ተስማሙ» ብላችሁ እንዳትጽፉ። የዓለም ባንክ የኢትዮጵያን ሸማች ዋጋ ለመለካት ገበያ አይወጣም። የሀገሩ መሥሪያ ቤት የለካውን ተቀብሎ፣ መልክ አስይዞ ያትመዋል። የግል ድረ ገጾቹም ከዚያው ይቀዳሉ። ሦስት አፍ አለ እንጂ ምስክሩ አንድ ነው። ሁለተኛ ምስክር የሚባለው በሌላ ሰው፣ በሌላ ዘዴ የተለካ ነገር ነው። ወደ ጀርመን የተላከው ቡና በእኛ ጉምሩክ መዝገብ ላይ ስንት እንደሆነና በጀርመን ጉምሩክ መዝገብ ላይ ስንት ሆኖ እንደገባ ብታነጻጽሩ ያ ሁለት ምስክር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የንግድ መረጃ ቋት፣ ኮምትሬድ፣ ለዚህ ጥሩ ነው። ልዩነት ስታገኙ ግን «ስርቆት ነው!» ለማለት አትቸኩሉ፤ ላኪው ሀገር ዕቃውን ያለ ማጓጓዣና ያለ ኢንሹራንስ ሲመዘግብ ተቀባዩ እነዚህን ጨምሮ ይመዘግባልና ልዩነት መኖሩ የሚጠበቅ ነው።

ዓለም አቀፍ ተቋማት ምንም አይጨምሩም ማለቴ አይደለም። ሀገሮችን ለማወዳደር እንዲመች መለኪያውን አንድ ያደርጋሉ፣ የጎደለውን በግምት ይሞላሉ። ችግሩ የሚመጣው ግምቱ እንደ ቆጠራ ሲወሰድ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የተገኘው ወደ 73.75 ሚሊዮን ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ የምናነበው የሕዝብ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። እ.ኤ.አ. ለ2022 የስታቲስቲክስ አገልግሎት ትንበያ ወደ 105 ሚሊዮን ሲሆን የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው። ስለዚህ የነፍስ ወከፍ ገቢን የሚጽፍ ሰው የሚካፈለውን የምርት ቁጥር ብቻ ሳይሆን ያካፈለበትን ሕዝብ ከማን እንደወሰደ መናገር አለበት። የአንዱን ተቋም ምርት በሌላው ተቋም ሕዝብ የሚያካፍል ሰው የማንም ያልሆነ ቁጥር ይወልዳል።

ድህነትም እንዲሁ ነው። በ2008 ዓ.ም. የቤተሰብ ፍጆታ ጥናት መሠረት በብሔራዊው የድህነት መስመር (ከእሱ በታች የሚያወጣ ሰው ድሃ ተብሎ የሚቆጠርበት የፍጆታ ልክ) ከመስመሩ በታች የነበረው ሕዝብ 23.5 በመቶ ነው። የዓለም ባንክ በዚያው ጥናት ላይ የቀን 1.90 ዶላር መስመሩን ሲያሳርፍ 30.8 በመቶ አገኘ። መስመሩ በ2.15 ዶላር ሲተካ ደግሞ 27 በመቶ ሆነ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 መስመሩ እንደገና ወደ 3 ዶላር ተቀይሯልና ቁጥሩም አብሮ ይቀየራል። እነዚያው ቤተሰቦች፣ ያው መጠይቅ ነው፤ የተለየው መስመሩ ብቻ ነው። ስለዚህ «የኢትዮጵያ ድህነት ስንት በመቶ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መስመሩን ሳይጠቅሱ የሚሰጥ መልስ ጎደሎ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት የዋጋ ንረት ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሁለት ዓይነት መለኪያ አለ። አንደኛው የዚህን ወር ዋጋ ካምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ያነጻጽራል። ሁለተኛው ተንከባላይ አማካይ የሚባለው ነው፤ ያለፉትን አሥራ ሁለት ወራት አማካይ ከዚያ በፊት ከነበሩት አሥራ ሁለት ወራት አማካይ ጋር ያስተያያል። ልዩነታቸውን በቀላል ስሌት እንየው። የዋጋ ኢንዴክሱ፣ ማለትም የዕቃዎችን ጠቅላላ ዋጋ በአንድ ቁጥር የሚያሳየው መለኪያ፣ ለረጅም ጊዜ 100 ላይ ቆይቶ ሐምሌ ላይ በአንድ ጊዜ ወደ 130 ዘለለ፣ ከዚያም ምንም ሳይነቃነቅ እዚያው ቀረ እንበል። ለአንድ ዓመት ያህል ከአምናው ወር ጋር የሚደረገው ንጽጽር 30 በመቶ ያሳያል። በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ አምና በዚህ ወር 130 ነበር፣ ዘንድሮም 130 ነውና። በዚያው በሁለተኛው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ተንከባላዩን አማካይ ብታሰሉ ግን ያለፉት አሥራ ሁለት ወራት አማካይ 130፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ደግሞ ስድስቱ ወር 100፣ ስድስቱ ወር 130 ስለሆኑ አማካያቸው 115 ነው። ውጤቱ 13 በመቶ ይሆናል። በአንድ ወር፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት፣ አንደኛው ዜሮ፣ ሌላው 13 በመቶ!

ሁለቱም ጥቅም አላቸው። የዛሬውን የገበያ ሁኔታ የሚከታተል ሰው የመጀመሪያውን ይወስዳል፤ ዓመቱን በጠቅላላ የሚገመግም ሁለተኛውን። ሁለቱን እያፈራረቁ መጠቀም ግን አንባቢን ማሳሳት ነው። ከዚህ ጋር አብሮ መታወስ ያለበት የዋጋ ንረት ቀነሰ ማለት ዋጋ ቀነሰ ማለት እንዳልሆነ ነው። በምሳሌያችን ንረቱ ዜሮ ሲሆን እንኳ ሸማቹ አሁንም 130 እየከፈለ ነው። የምግብና ምግብ ነክ ያልሆኑ ዕቃዎች ንረትም ለየብቻ ስለሚወጣ ከጠቅላላው ጋር እንዳይምታታ ይጠንቀቁ።

በዶላር የተጻፈ የሀገር ምርት ሌላው ወጥመድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ገባ። የሚታረሰው መሬት አልጠበበም፣ ፋብሪካው አልተዘጋም፤ በዶላር ሲለካ ግን ኢኮኖሚው በእጅጉ ያነሰ ይመስላል። የዕድገት ጥናት የሚሠራ ሰው በቋሚ ዋጋ፣ ማለትም የየዓመቱ ምርት በአንድ መነሻ ዓመት ዋጋ ተተምኖ የተሰላውን፣ ያውም መነሻ ዓመቱ በመሐል ያልተቀየረውን ተከታታይ መረጃ ብቻ መጠቀም አለበት። መነሻ ዓመት ሲቀየር ምን እንደሚሆን ናይጄሪያ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 መነሻ ዓመቷን ከ1990 ወደ 2010 ስታዞር የ2013 ምርቷ በአንድ ቀን በ89 በመቶ ገደማ ጨምሮ ወደ 510 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በዚያ ሌሊት ናይጄሪያ ውስጥ አዲስ ነገር አልተመረተም፤ ድሮ የማይቆጠሩት የሞባይል ስልክና የፊልም ሥራዎች ተቆጠሩ። የድሮውን ተከታታይ ከአዲሱ ጋር የቀጠለ ተመራማሪ የማይታመን «ዕድገት» ያገኛል።

ትንበያና ውጤትም ይለያያሉ። የዓለም የገንዘብ ድርጅት በየሚያዝያውና በየጥቅምቱ የሚያወጣው የዓለም ኢኮኖሚ ምልከታ ያለፈውንም የሚመጣውንም ዓመት በአንድ ሠንጠረዥ ያስቀምጣል። ከየትኛው ዓመት ጀምሮ ግምት እንደሆነ ምልክት አለው፤ ብዙ ሰው ግን አያየውም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 እትሙ ድርጅቱ ለኢትዮጵያ ለዚያ ዓመት 2 በመቶ ዕድገት ተንብዮ ነበር። በኋላ የተመዘገበው 6.3 በመቶ ነው። አንዱ ተማሪ የሚያዝያውን እትም ሌላው ከዓመታት በኋላ የወጣውን ቢይዝ ሁለቱም «የዓለም የገንዘብ ድርጅት እንዳለው» ብለው የተለያየ ነገር ይጽፋሉ። ስለዚህ የተቋሙ ስም ብቻ አይበቃም፤ እትሙ ከነወሩ ይጻፍ።

ከአሜሪካ፣ ከባሕረ ሰላጤው ሀገራትና ከአውሮፓ ወገኖቻችን ወደ ሀገር ቤት ስለሚልኩት ገንዘብ የሚያጠኑ ሰዎች ደግሞ ከዚህ የባሰ ልዩነት ያጋጥማቸዋል። በዓለም ባንክ የግለሰብ ሐዋላ ሠንጠረዥ ላይ ኢትዮጵያ የምትቀበለው በዓመት ግማሽ ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ሆኖ ይታያል፤ የሀገር ውስጥ ሪፖርቶች ደግሞ በብዙ ቢሊዮን ዶላር ይናገራሉ። ልዩነቱ ከአተረጓጎም ይነሣል፦ ምን እንደ ግለሰብ ሐዋላ ይቆጠራል፣ ምን ወደ ሌላ መደብ ይገባል የሚለው ነው። ከባንክ ውጭ በዘመድ፣ በመንገደኛና በሱቅ በኩል የሚገባው ደግሞ በሁለቱም አይታይም። እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ ትክክለኛው ሥራ አንዱን ቁጥር መርጦ መሮጥ አይደለም፤ የሁለቱን ትርጓሜ ከነመግለጫቸው አንብቦ ለአንባቢ ማስረዳት ነው። ማንኛውም ጥሩ የመረጃ ቋት ከቁጥሩ አጠገብ ወይም በስተግርጌ የመረጃውን መግለጫ ያስቀምጣል። መግለጫ የሌለውን ቋት እኔ በበኩሌ አልጠቅስም።

አሁን ከተሠራ ቁጥር ወደ ጥሬው መረጃ እንለፍ፤ ለጥናት የሚበልጠው እሱ ነውና። የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት የሚባለው የቤተሰቦች መረጃ በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱና በዓለም ባንክ ትብብር የተሰበሰበ ነው። በባንኩ የጥሬ መረጃ ቤተ መጻሕፍት ተመዝግቦ ለምን እንደሚፈልግ የጻፈ ሁሉ ያለ ክፍያ ያወርደዋል። አንድ ቤተሰብ ስንት በሬ እንዳለው፣ ማዳበሪያ እንደተጠቀመ፣ ባለፈው ሳምንት ምን እንደበላ ሳይቀር ይገኝበታል። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሆኖ ይህን የማያውቅ ሰው ሳገኝ እቆጫለሁ።

ሆኖም አያያዝ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ዙር፣ በ2004 ዓ.ም. የተሰበሰበው፣ ገጠርንና ትናንሽ ከተሞችን ብቻ ይዞ ወደ 4,000 የሚጠጉ ቤተሰቦችን የጠየቀ ነው። ትልልቅ ከተሞች የተጨመሩት በሁለተኛው ዙር ነው። እስከ ሦስተኛው ዙር ድረስ እየተመለሱ የሚጠየቁት ያው ቤተሰቦች ሲሆኑ፣ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው አራተኛው ዙር ግን አዲስ ናሙና ይዞ ተነሣ። በአምስተኛው ዙር፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ትግራይ በጦርነቱ ምክንያት አልተካተተችም። ይህን ሳያውቅ አንደኛውን ዙር ካራተኛው ጋር ያስተያየ ሰው «የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ኑሮ ተሻሻለ» ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ የተለወጠው ግን ማን ተጠየቀ የሚለው ሊሆን ይችላል። ሌላው የናሙና ክብደት ነው። በናሙናው ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚወክለው ቤተሰብ ብዛት እኩል አይደለም፤ አንዱ በርካታ ሺህ ቤተሰቦችን ሲወክል ሌላው በጣም ጥቂቶችን ይወክላል። በፋይሉ ውስጥ ለዚሁ የተቀመጠውን የክብደት ዐምድ ሳይጠቀም አማካይ የሚያወጣ ሰው የናሙናውን አማካይ እንጂ የሀገሩን አማካይ አላገኘም። ከፋይሎቹ ጋር የሚወርደውን ሰነድ ከመረጃው በፊት ማንበብ ያስፈልጋል፤ አሰልቺ ነው፣ ግን አቋራጭ የለውም።

የልጆችን ዕድገት ለሚያጠኑ ደግሞ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ያንግ ላይቭስ አለ፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአራት ሀገሮች ወደ 12,000 የሚሆኑ ልጆችን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ እየተከታተለ ነው። ስለ ሰብል ምርት የስታቲስቲክስ አገልግሎት ዓመታዊ ሪፖርት አለ። ርዕሱን ግን እስከ መጨረሻው ያንብቡት፦ የአነስተኛ ገበሬዎች የመኸር ምርት የሚለው ሰነድ በልግን፣ የበጋ መስኖንና ሰፋፊ እርሻዎችን አያጠቃልልም። ስለ ስንዴ የሚነሡ ብዙ ክርክሮች ከዚህ ይጀምራሉ። ኩንታልና ቶን ማምታታትም አለ።

ወደ ጥናታዊ ጽሑፎች ስንመጣ መጀመሪያ የሚከፈተው በር ለብዙ ሰው ጉግል ስኮላር ነው። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከመታተሙ በፊት በሌሎች ምሁራን የተገመገመውንም ያልተገመገመውንም፣ የተማሪ ወረቀትንም የታወቀ መጽሔትንም አንድ ላይ ያመጣል። ለኢኮኖሚክስ የተለየው መዝገብ ሪፔክ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ፣ ለማንም ክፍት የሆነ ነው። በአይዲያስ ወይም በኢኮንፔፐርስ በኩል ይከፈታል። የሚወደደው ጠባዩ አንድ ጽሑፍ መጀመሪያ በረቂቅነት መቼ እንደወጣ፣ በኋላ በየትኛው መጽሔት እንደታተመ፣ ማን እንደጠቀሰው በአንድ ገጽ ላይ ማሳየቱ ነው። ይህ በጣም አስፈላጊ ነው፤ በኢኮኖሚክስ አንድ ጽሑፍ በረቂቅነት ለዓመታት ሲዘዋወር ይቆይና ሲታተም ውጤቱ ተለውጦ ሊወጣ ይችላል። ረቂቁን ጠቅሰው ጸሐፊው ራሱ የተወውን ድምዳሜ ሲከራከሩለት የሚገኙ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ የብሔራዊ ኢኮኖሚ ምርምር ቢሮ የሚያወጣቸው ረቂቆችም ከታላላቅ ምሁራን የሚመጡ ቢሆኑም በአቻ ምሁራን የተገመገሙ አይደሉም።

ስለ ኢትዮጵያ ደግሞ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር መጽሔትና ሪፖርቶች፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማኅደር፣ የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ስለ ኢትዮጵያ ያወጣቸው ሰነዶች፣ እንዲሁም የአፍሪካ መጽሔቶችን የሚያሰባስበው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን አሉ። የመመረቂያ ጽሑፎችን አትናቁ። ድምዳሜያቸው ደካማ ቢሆን እንኳ በዋቢዎቻቸው ውስጥ ሌላ ቦታ የማይገኙ የመሥሪያ ቤት ሰነዶች ተጠቅሰው ይገኛሉ።

የታላቅ ስም ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን የሚያሳየው ታሪክ የራይንሃርትና የሮጎፍ ነው። ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ፣ ሁለቱም በዓለም የታወቁ የኢኮኖሚክስ ምሁራን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጽሑፍ የመንግሥት ዕዳቸው ከሀገር ምርታቸው 90 በመቶ ያለፈ የበለጸጉ ሀገሮች አማካይ ዕድገታቸው ከዜሮ በታች፣ 0.1 በመቶ ማሽቆልቆል እንደሆነ ጻፉ። ጽሑፉ የአውሮፓና የአሜሪካ ፖለቲከኞች ወጪ እንዲቀነስ ሲከራከሩ የሚያነሡት ማስረጃ ሆነ። በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ቶማስ ሄርንደን ለአንድ ትምህርት የቤት ሥራ ያንን ውጤት ራሱ አስልቶ ለማግኘት ሞከረ፤ እምቢ አለው። የስሌት ሠንጠረዣቸውን ጠይቆ ሲላክለት አማካዩ የተወሰደው ከመስመሮቹ ሁሉ እንዳልሆነ አየ፤ አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂየም፣ ካናዳና ዴንማርክ ከስሌቱ ውጭ ቀርተዋል። የተወሰኑ ዓመታት አለመካተታቸውና ለሀገሮች የተሰጠው ክብደትም ውጤቱን አዛብቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ከሁለት መምህራኑ ጋር ባወጣው ጽሑፍ የተስተካከለው አማካይ 2.2 በመቶ ዕድገት ሆነ። ያ የ2010 ጽሑፍ የወጣው በታወቀ መጽሔት ሥር ነው፤ ነገር ግን በጉባኤ ጽሑፎች እትሙ ላይ ስለሆነ በተለመደው የአቻ ግምገማ አላለፈም ነበር። ይህን የሚያውቅ አንባቢ ስንት ነበር?

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል። የአሜሪካ ኢኮኖሚክስ ማኅበር መጽሔቶች ጽሑፍ ከማተማቸው በፊት መረጃውንና የስሌቱን ኮድ ተቀብለው በራሳቸው ባለሙያ ያስመረምራሉ፤ ከዚያም ለማንም በሚከፈት ማኅደር ያስቀምጡታል። ስለዚህ አንድን ጽሑፍ ስትመዝኑ መረጃውና ኮዱ አብሮ ተቀምጧል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የዓለም ባንክም ቢሆን ከዚህ ፈተና አልዳነም። ሀገሮችን በንግድ ሥራ ምቹነት ደረጃ የሚያወጣው ታዋቂ ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2020 እትሞች የቻይና፣ የሳዑዲ ዓረቢያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስና የአዘርባጃን መረጃ ላይ ጉድለት ተገኝቶበት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ሪፖርቱ ከነጭራሹ ተቋርጧል። ዛሬም የኢትዮጵያን ደረጃ ከዚያ ሪፖርት እየጠቀሱ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ቅርብ ጊዜ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በቤተ ሙከራ ሳይንቲስቶች ላይ ስላመጣው ለውጥ የጻፈ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክትሬት ተማሪ ረቂቅ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ሲወደስ ቆይቶ፣ ተቋሙ ራሱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 በመረጃው ላይ እምነት እንደሌለው አስታወቀ። ረቂቁ ገና በአቻ ምሁራን ግምገማ በሚያልፍ መጽሔት አልታተመም ነበር።

ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ የሚያትሙ መጽሔቶች የሀገራችንን ተመራማሪዎች ብዙ ገንዘብና ጊዜ ያስከፍላሉ። ምልክታቸው አይጠፋም፦ ጽሑፍ በተላከ በጥቂት ቀናት ውስጥ «ተቀብለነዋል» የሚል መልስ፣ ከኢኮኖሚክስ እስከ ጥርስ ሕክምና ሁሉንም የሚያስተናግድ ርዕስ፣ ከታወቀ መጽሔት ጋር የሚመሳሰል ስም፣ አድራሻው የማይጨበጥ አርታኢ። በነፃ የሚነበቡ መጽሔቶች ማውጫ ላይ መኖሩን ማየት ይጠቅማል፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን በመስኩ የምታውቋቸው ምሁራን በዚያ መጽሔት ይጽፋሉ ወይ ብሎ መፈተሽ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የምትጠቀሙ ከሆነ ፍለጋ ለመጀመር፣ ቃላትን ለማግኘት፣ አስቸጋሪ ስሌትን ለመረዳት ይረዳል። ዋቢ ስጠኝ ስትሉት ግን ያልተጻፈ ጽሑፍ፣ እውነተኛ በሆነ ምሁር ስም፣ እውነተኛ በሆነ መጽሔት ውስጥ፣ ከነገጽ ቁጥሩ ፈጥሮ ሊያቀርብ ይችላል። ስለዚህ የሰጣችሁን እያንዳንዱን ዋቢ በሪፔክ ወይም በመጽሔቱ ገጽ ላይ ፈልጉ፤ ከሌለ የለም። ቁጥርም ከሰጣችሁ ወደቆጠረው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ አረጋግጡ።

የምታገኙትን ሰነድ ወዲያው አውርዳችሁ አስቀምጡ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስማቸው ሲቀየር አድራሻቸውም ይቀየራል፣ የድሮ ሪፖርቶች ይጠፋሉ፤ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በነበረበት ጊዜ የተጠቀሱ ብዙ ማስፈንጠሪያዎች ዛሬ አይከፈቱም። እንዲህ ሲያጋጥም የኢንተርኔት አርካይቭ የድሮ ገጾችን ያቆየበት ቦታ ላይ አድራሻውን አስገብቶ መፈለግ ብዙ ጊዜ ውጤት ያመጣል። በክፍያ የተዘጋ ጽሑፍ ሲገጥማችሁም ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። የብሔራዊ ኢኮኖሚ ምርምር ቢሮ ረቂቆች በማደግ ላይ ባሉ ሀገሮች ለሚኖሩ ሰዎች በነፃ ይወርዳሉ፤ የጥናት መጽሔቶች ማኅደር የሆነው ጄስቶር የግል መለያ ለከፈተ ሰው በየወሩ የተወሰኑ ጽሑፎችን በነፃ ያስነብባል፤ ሪሰርችፎርላይፍ የሚባለው መርሐ ግብር ለኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት መጽሔቶችን ይከፍታል፤ የዩኒቨርሲቲያችሁን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ጠይቁ። ይህ ሁሉ ካልሆነ ለጸሐፊው በኢሜይል አጭርና ጨዋ ደብዳቤ ጻፉ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምታጠኑ፣ የትኛውን ጽሑፍ ወይም የትኛውን የመረጃ ፋይል እንደምትፈልጉ። ሄርንደንም ሠንጠረዡን ያገኘው በመጠየቅ ነው።